ነፋሱ ሳይነሣ፦ በእምነትና በመታዘዝ ጸንቶ ለመቆም ዝርዝር መመሪያ

የሀዋሳ ሐይቅ ጠዋት ጠዋት ለጥ ያለ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል፤ ውኃውም መናወጥ ይጀምራል። በሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ያሉት ዓሣ አስጋሪዎች ይህን ስለሚያውቁ መረባቸውን አመሻሽ ላይ ጥለው ማለዳ ይሰበስባሉ። ማዕበል መሐል ሆኖ ጀልባውን መድፈን የሚጀምር አስጋሪ እስካሁን አላየሁም። እኔ ግን መንፈሳዊ ሕይወቴን ለዓመታት የያዝኩት እንደዚያ ነበር፤ ችግር ሲመጣ ጸሎት፣ ችግሩ ሲያልፍ እንቅልፍ።

በኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የስፌት መስመር ሱፐርቫይዘር ነበርኩ። ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ከገጠር ከመጡት ልጆች ጋር የገባሁ ነኝ። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ዕቃዋን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ያስገባላት ከነበረው ከአጎዋ ስትወጣ ወደ አሜሪካ የሚላከው ኦርደር ቀነሰ፤ የምሠራበት ፋብሪካም ብዙዎቻችንን አሰናበተ። ደብዳቤውን የተቀበልኩ ቀን እግሬ ቀጥ ብሎ ያደረሰኝ ቅዱስ ገብርኤል ነው። አለቀስኩ፣ ተሳልኩ፣ ሻማ አበራሁ። በማግሥቱም እንዲሁ። ከወር በላይ ተመላለስኩ፤ ልቤ ግን ከቤቴ ስወጣ ከነበረበት ቦታ ፈቀቅ አላለም።

አሁን እቤቴ እየሰፋሁ እኖራለሁ፤ በሰንበት ትምህርት ቤትም አገለግላለሁ። ፋብሪካ የሚሠሩ ልጆች እየመጡ «እንዴት ነው የሚጸናው?» ይሉኛል። ለእነርሱ በቃል የምነግራቸውን ነው እዚህ የጻፍኩት። የተጻፈው ከኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት አንጻር ነው። እኔ የንስሐ አባት አይደለሁም፤ የምናገረው እንደ ታላቅ እህት ነው።

ደረጃ 1፦ የሚያናውጣችሁን ነገር በስሙ ጥሩት

ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። «ተረብሻለሁ» ብሎ መጻፍ አይበቃም። «ሁለት ወር ኪራይ አልከፈልኩም»፣ «እናቴ ታማለች፣ መሄጃ የለኝም»፣ «የሰው ዕቁብ ተቀብዬ አልመለስኩም» እያላችሁ አንድ በአንድ ጻፉ። አብዛኛው ሰው ከአምስት በላይ አይሄድም። ደመና የመሰለው ነገር ወረቀት ላይ ሲወርድ ቁጥር ይኖረዋል።

ቀጥሎ ከእያንዳንዱ ጎን ነገሩ ከየት እንደሚመጣ ጻፉ፤ ከሥጋ ነው፣ ከሰው ጋር ነው ወይስ ከኅሊና። ልጆቹ በዚህ ላይ ይቸኩላሉ። ሁሉንም ነገር የሰይጣን ፈተና ማድረግ ይቀናል። ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተኝቶ ሞቱን ሲለምን፣ መልአኩ ስብከት አልጀመረለትም። ቀሰቀሰውና ተነሥተህ ብላ አለው። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በልቶ ተኛ፤ ደግሞ ቀሰቀሰው፤ ደግሞ በላ። ወደ ኮሬብ የአርባ ቀን መንገድ የሄደው ከዚያ በኋላ ነው (1ኛ ነገሥት 19)። የማታ ሺፍት ሠርታ፣ ሦስት ሰዓት ተኝታ፣ ቁርስ ሳትቀምስ «እምነቴ ደከመ» የምትል ልጅ መጀመሪያ እንጀራና እንቅልፍ ያስፈልጋታል።

እንቅልፍ ለሳምንታት ካጣችሁ፣ ወይም ሕይወታችሁን ስለማጥፋት ካሰባችሁ ደግሞ ይህን መመሪያ እዚህ ላይ አቁሙት። ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ተናገሩና ሐኪም ቤት ሂዱ። ጠበል መጠመቅ መድኃኒት ማቋረጥን አይጠይቅም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እግዚአብሔር እንደ ፈጠረውና ልናከብረው እንደሚገባ ይናገራል።

ደረጃ 2፦ የምታውቁትንና ያልፈጸማችሁትን አንድ ትእዛዝ ምረጡ

ሌሎቹን ደረጃዎች ሁሉ ብትዘሉ ይህችን አትዝለሏት።

ጴጥሮስ ሌሊቱን ሙሉ ደክሞ ባዶ እጁን ወጥቷል፤ መረቡንም እያጠበ ነው (ሉቃስ 5)። ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው የዚያች ጠዋት ድካም አይጠፋውም። መረቡን አጥቦ የጨረሰን አስጋሪ «ተመለስና ጣል» ብትሉት ምን እንደሚመልስላችሁ አሞራ ገደል ሄዳችሁ መሞከር ትችላላችሁ፤ እኔ አልመክርም። ጴጥሮስም ምክንያቱን አልደበቀም፤ ሌሊቱን ሁሉ ደክመን ምንም አልያዝንም አለ። ከዚያ ግን «በቃልህ መረቦቹን እጥላለሁ» ብሎ ጨመረ። ድካሙ አልለቀቀውም፤ ዓሣ እንደሚይዝም እርግጠኛ አልነበረም። መረቡ ግን ወረደ።

ስለ ሁለቱ ቤቶች የተነገረውን ምሳሌም (ማቴዎስ 7) ብዙ ጊዜ የምንሰማው በግማሽ ጆሮ ነው። ዝናቡም፣ ጎርፉም፣ ነፋሱም በሁለቱም ቤቶች ላይ ነው የመጣው። ሁለቱም ሰዎች ቃሉን ሰምተዋል። ልዩነቱ አንደኛው ሰምቶ ማድረጉ ነው። በሀዋሳ ልል አፈር ላይ ቤት ያሠራ ሰው ያውቃል፤ ገንዘቡ የሚያልቀው ማንም በማያየው መሠረት ላይ ነው። ቀለሙን ጎረቤት ያደንቃል፣ ድንጋዩን ግን ባለቤቱ ብቻ ያውቀዋል።

እኔ በዚያ ወር ሙሉ ስመላለስ አንድ ነገር እየሸሸሁ ነበር። እናታችን ካረፈች በኋላ በጥቂት ዕቃ ምክንያት ከእህቴ ጋር ተጣልተን ሁለት ዓመት አልተነጋገርንም። መባህን ይዘህ ስትመጣ ወንድምህ ባንተ ላይ ነገር እንዳለው ብታስብ፣ መባህን ትተህ መጀመሪያ ሂድና ታረቅ የሚለውን ቃል (ማቴዎስ 5፥23-24) እንኳን ላውቀው፣ ለልጆች አስተምሬዋለሁ። አንድ ቀን ከቅጽሩ ሥር ተቀምጬ ሳለቅስ አጠገቤ የነበሩ ነጠላ ያጣፉ እናት ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «ልጄ፣ የምታውቂውን ጨርሰሽ ነው የማታውቂውን የምትጠይቂው?» አሉኝ። ስለ እህቴ ምንም አያውቁም። ምናልባት ለሁሉም እንደዚህ ይሉ ይሆናል።

ማታ ደወልኩ። አላነሣችም። በማግሥቱም አላነሣችም። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በይኝ፣ ዕቃው ያንቺ ይሁን» ብዬ መልእክት ላክሁ። መልሱ የመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ «ደህና ነኝ» ይላል፤ ሌላ የለውም። ሥራዬ አልተመለሰም፤ ኪራዩም እንደተቆለለ ነው። ነገር ግን መልእክቱን በላክሁበት ሌሊት ተኛሁ። ሳሙኤል ለሳኦል የነገረው፣ መታዘዝ ከመሥዋዕት ይበልጣል የሚለው ቃል (1ኛ ሳሙኤል 15፥22)፣ እስከዚያች ሌሊት ድረስ ለኔ ለሳኦል ብቻ የተነገረ ነበር።

እንግዲህ አሠራሩ እንዲህ ነው። ከደረጃ 1 ወረቀት ላይ «ከኅሊና» ወይም «ከሰው ጋር» ያላችሁትን ውሰዱ። በመጽሐፍ ግልጽ የሆነ፣ ራእይ የማያስፈልገው፣ በዚህ ሳምንት ውስጥ መፈጸም የሚቻል አንድ ነገር ፈልጉ። የጉልት ሴትዮዋን ዕዳ መክፈል። ሳይገቡ የተፈረመ የሰዓት ፊርማን መተው። ለአባት መደወል። ዛሬ ማታ ያ ቪዲዮ ያለበትን ስልክ ለጓደኛ ሰጥቶ መተኛት። ምርጫችሁ ትንሽ የሚያም መሆን አለበት፤ ምንም የማያስከፍላችሁን ከመረጣችሁ ድሮም ትፈጽሙት የነበረውን ነው የመረጣችሁት። ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉበት። ስሜት እስኪመጣ አትጠብቁ።

ሁለት ትእዛዝ በአንድ ጊዜ አትያዙ። ሰኞ ዕለት አሥር ነገር የወሰነ ሰው ዓርብ ላይ አንዱንም አያስታውሰውም።

ስለ ስእለት ጥቂት ልበል፣ ከተማችን የስእለት ከተማ ናትና

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ገብርኤል ያለውን ሕዝብ የምታውቁት ነው። ባጃጅ አያሳልፍም፤ እንግዳው ከአገሩ ሁሉ ነው የሚመጣው። ስእለት አይጠቅምም ማለቴ አይደለም፤ እኔም ተስያለሁ። ነገር ግን በድንጋጤ የተሳለ ስእለት ብዙ ጊዜ ውል ይሆናል፤ «ይህን ብታደርግልኝ ይህን አደርጋለሁ»። ነገሩ ሳይሆን ሲቀር ሰውየው ከስእለቱ ጋር እምነቱንም ይጥላል።

በታኅሣሥ 19 የምናስበው ሠለስቱ ደቂቅን፣ ሦስቱን ወጣቶች አይደል? ናቡከደነፆር በእቶኑ አፍ አቁሞ ሲያስፈራራቸው፣ አምላካችን ሊያድነን ይችላል፣ ባያድነን እንኳ ላቆምኸው ምስል አንሰግድም አሉት (ዳንኤል 3)። መልአኩ እሳቱን ያቀዘቀዘው ከዚህ ቃል በኋላ ነው። «ባያድነን እንኳ» ሲሉ ገና አልዳኑም። የሐምሌው በዓል የሚያስበው ቂርቆስም ሕፃን ሳለ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር በፈላ ጋን ፊት የቆመ ነው። እኛ በነዚያው ቀኖች ሄደን በአብዛኛው የምናወራው ስለ ቪዛና ስለ ትዳር መሆኑ ያስቀኛል፤ ራሴንም ጨምሮ።

መሳል ከፈለጋችሁ ተሳሉ። መጽሐፈ መክብብ እንደሚለው ስትሳሉ ለመክፈል አትዘግዩ። ከመሳላችሁ በፊት ግን የደረጃ 2ን ትእዛዝ ፈጽሙ።

ደረጃ 3፦ በምትታመሙበት ቀን እንኳ የማትተዉት የጸሎት ልክ

ቤተ ክርስቲያናችን በቀን ሰባት የጸሎት ጊዜ አላት፤ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት። ይህን የሰሙ ልጆች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛዋ ሰባቱንም ትጀምርና በአራተኛው ቀን ታቆማለች። ሁለተኛዋ «አልችልም» ብላ አንዱንም አትጀምርም። እኔ የምላቸው ከሰባቱ ሁለቱን ያዙ ነው፤ ከመውጣታችሁ በፊትና ከመተኛታችሁ በፊት።

ልኩ ይህን ያህል ይሁን። በስመ አብ ብላችሁ ካማተባችሁ በኋላ አቡነ ዘበሰማያት፣ ጸሎተ ሃይማኖት፣ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም፣ አንድ መዝሙር። የቅዱስ ኤፍሬም ውዳሴ ማርያም በሰባቱ ቀናት የተከፈለ ስለሆነ ዛሬ ምን ላንብብ ብላችሁ አትጨነቁም። ጸሎቱ ከሩብ ሰዓት እምብዛም አያልፍም። ሲለመድ ዳዊቱን ወደ አንድ ንጉሥ ከፍ ታደርጉታላችሁ። መቶ ሃምሳው መዝሙር በአሥር በአሥር ተከፍሎ አሥራ አምስት ንጉሥ ይባላል፤ አያቶቻችን «አንድ ንጉሥ ደገምኩ» የሚሉት አሥሩን ነው። ግን አትቸኩሉ። ዳንኤል በቀን ሦስት ጊዜ ይጸልይ ነበር፤ የሞት ዐዋጅ የወጣ ቀንም ሦስት ጊዜ ጸለየ። መጽሐፉም ቀድሞ ያደርገው እንደነበረ አደረገ ነው የሚለው (ዳንኤል 6፥10)። በአንበሳ ጉድጓድ ፊት አዲስ ልማድ አልጀመረም።

አሁን ስለ ቤታችሁ ልናገር፤ ሰባኪዎች አይነግሯችሁምና። አራት ሆናችሁ አንዲት ክፍል ተከራይታችኋል። አንዷ ከማታ ሺፍት ገብታ ተኝታለች፣ አንዷ ሬዲዮ ከፍታለች፣ አንዷ ፕሮቴስታንት ናት። ሀዋሳ ውስጥ ይህ የተለመደ ነው፤ ጸብ የሚያስነሣም አይደለም። የማውቃቸው ልጆች ተስማምተው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሩብ ጉዳይ ድረስ ሁሉም በየራሱ፣ ድምፅ ሳያሰማ እንዲጸልይ ወስነዋል፤ ሬዲዮ የለም። ከሁሉ በፊት የተስማማችው ፕሮቴስታንቷ ናት። ስምምነት ከሌለ ደግሞ ነጠላችሁን ተከናንባችሁ ወደ ምሥራቅ መቆም ይበቃል። ቦታ ከጠበበ ተቀምጣችሁ ጸልዩ።

ሻማ ግን በማዳበሪያ ኮርኒስ ሥር አታብሩ፤ እሳት አገር አይመርጥም።

የጸሎት መጽሐፍ በስልክ ማንበብ ክፋት የለውም፤ የበረራ ሁኔታ ላይ አድርጉትና አንብቡ። አለዚያ ከእመቤታችን ምስጋና መሐል ወደ ቴሌግራም መሻገር የዓይን ጥቅሻ ነው። ስግደት የለመዳችሁ እንደሆነ እሑድና በበዓለ ሃምሳ እንደማይሰገድ አስታውሱ። የወር አበባ ላይ ያለች ልጅ ቤተ መቅደስ አትገባም እንጂ የቤት ጸሎቷን የምታቋርጥበት ምክንያት የለም፤ ብዙዎች በዚህ የተነሣ በየወሩ ሳምንት ሙሉ ዝም ይላሉ፤ ከዚያም መመለስ ያቅታቸዋል።

ደረጃ 4፦ የንስሐ አባት ያዙ፣ የመታዘዝንም ወሰን እወቁ

ከገጠር የመጡ ልጆች የንስሐ አባታቸው እዚያው አገር ቤት ነው፤ ከመጡ ጀምሮ አላዩዋቸውም። እንዲህ ከሆነ በስልክ ደውሉላቸውና ከተማ ውስጥ ሌላ አባት ለመያዝ ፈቃድ ጠይቁ። ከዚያ በአቅራቢያችሁ ባለው አጥቢያ የሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ የንስሐ አባት እንደምትፈልጉ ተናገሩ፤ ወይም ኪዳን ካለቀ በኋላ ከካህናቱ አንዱን «አባቴ፣ የንስሐ ልጅዎ ልሁን» በሉ። የሚያስፈራ ነገር የለውም። የሥራ ሰዓታችሁን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ የሚሰጧችሁ ቀኖና ከሺፍታችሁ ጋር እንዲስማማ።

ለመናዘዝ ስትሄዱ በወረቀቱ ላይ የጻፋችሁትን ይዛችሁ ሂዱ። ታሪክ አታብዙ። «እንትና እንዲህ ስላደረገኝ» ብላችሁ የሰውን ኃጢአት አትናዘዙ፤ የራሳችሁን ተናገሩ። በስፌት መስመር ላይ ሳለሁ የተበላሸ ስፌት እዚያው መርፌው ሥር እያለ ካልተተረተረ፣ እጅጌው ከተገጠመ፣ አንገትጌው ከተሰፋ በኋላ ልብሱ በሙሉ ይጣል ነበር። ለምን ቶሎ መናዘዝ እንዳለብን የገባኝ ከዚያ ነው። ለዓመት ፋሲካ የሚቀመጥ ኃጢአት ላዩ ላይ ብዙ ነገር ይሰፋበታል።

የተሰጣችሁን ቀኖና፣ ጸሎትም ይሁን ስግደት ወይም ጾም፣ አትጨምሩበት፣ አትቀንሱበትም። ቀኖናው የበዛ ወይም ያነሰ ከመሰላችሁ ተመልሳችሁ ንገሯቸው፤ በራሳችሁ አታሻሽሉት። ብዙ ሰው የሚያቅተው ይህ ነው። የሚያባብል አባት እስኪያገኙ ድረስ ከደብር ደብር የሚዞሩ አሉ።

ስለ መታዘዝ ሲነሣ የአባ ዮሐንስ ሐጺር ታሪክ ይነገራል። መምህሩ አባ ባሞይ ደረቅ እንጨት ተክሎ ውኃ አጠጣው አለው። ውኃው ሩቅ ነበር፤ ማታ ወጥቶ ጠዋት ነበር የሚመለሰው። በሦስተኛው ዓመት እንጨቱ ለምልሞ አፈራ። መምህሩም ፍሬውን ለመነኮሳቱ ወስዶ የመታዘዝን ፍሬ ብሉ አላቸው። እወደዋለሁ ይህን ታሪክ። ግን ሲጠቀሙበት ሰምቼ የደነገጥኩበት ጊዜም አለ፤ አንድ ባል ሚስቱን ለመደብደቢያ፣ አንድ «ባሕታዊ ነኝ» ባይ ከልጆች ደመወዝ ለመልቀም። የዮሐንስ መምህር ለራሱ የፈለገው ነገር አልነበረም። ገንዘብ በግል የሚጠይቅ፣ ብቻችሁን ሌሊት የሚጠራ፣ ሰውነታችሁን የሚነካ፣ ከቤተሰብ የሚለያችሁ፣ ሐኪም የሚከለክላችሁ ማንም ሰው በመታዘዝ ስም ከመጣ አትታዘዙት። ሐዋርያትም ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር ልንታዘዝ ይገባል ብለዋል (ሐዋርያት ሥራ 5፥29)። ለንስሐ አባታችሁ፣ ለደብሩ አስተዳዳሪ ወይም ለፖሊስ ተናገሩ።

ደረጃ 5፦ ረቡዕና ዓርብን ጹሙ

ሰባቱን አጽዋማት በአንዴ ለመያዝ አትሞክሩ። ጾም ትታችሁ ከቆያችሁ ከረቡዕና ዓርብ ጀምሩ፤ ዓመቱን ሙሉ ስለሚመጡ ልማድ ለመትከል የሚመቹ ናቸው፤ የማይጾሙት በበዓለ ሃምሳ፣ እንዲሁም ልደትና ጥምቀት ሲውሉባቸው ብቻ ነው። በጠዋት ሺፍት ያላችሁ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ማሽን ላይ የሚያዞራችሁ ከሆነ ሰዓቱን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ወስኑ። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ፣ የስኳር ወይም የደም ማነስ ሕመም ያለባት ልጅ ሳትጠይቅ አትጹም።

ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለው ክርክር በዚህ ከተማ አያልቅም። አሞራ ገደል የዓርብ ዕለት የዓሣ ሾርባ የሚጠጡትን «ጾም ነው እኮ» ስትሏቸው፣ «ዓሣ ደም የለውም» ይሏችኋል፤ ቆሮሶው ፊታቸው ላይ ደሙን እያፈሰሰ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ዓሣም እንደ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ከጾም ምግብ ውጭ መሆኑን ነው። እኔ በዚህ ላይ ከሰው ጋር አልከራከርም፤ ሽሮዬን እበላለሁ።

ጾሙን ከደረጃ 2 ጋር አያይዙት። የዚያን ቀን ከምግብ የተረፈችው ገንዘብ ወደ ዕዳችሁ ወይም ወደ ተቸገረ ሰው ትሂድ። ከሰዓት በኋላ ርቦኝ ሠራተኛ ላይ የጮኽሁባቸው ዓርቦች ብዙ ናቸው፤ እነዚያን ከጾም አልቆጥራቸውም።

ደረጃ 6፦ ቅዳሴና ቁርባን

እዚህ ላይ አጭር ልሁን፤ ዝርዝሩ የንስሐ አባታችሁ ነውና። እሑድ ሥራ ካልገባችሁ ከቅዳሴው መጀመሪያ ድረሱ። ወንጌል ካለፈ በኋላ ደርሶ ከዛፍ ሥር መቆም ልማድ ሆኖብናል። ንስሐችሁን ጨርሳችሁ ለሥጋ ወደሙ ስትዘጋጁ ለ18 ሰዓት ከምግብና ከመጠጥ ትከለከላላችሁ፤ ስለዚህ ቅዳሜ ሌሊት ሺፍት እንዳይገጥማችሁ ከሱፐርቫይዘራችሁ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከጓደኛ ጋር ሺፍት መቀያየር ይቻላል፤ እኔ ሱፐርቫይዘር ሳለሁ በአክብሮት ለጠየቀኝ አልከለከልኩም።

«አልበቃሁም» ብለው ዓመታት የሚቆዩ አሉ። የበቃ ሰው የለም። መጠየቅ ያለበት ንስሐ ገብቻለሁ ወይ የሚለው ነው።

ደረጃ 7፦ በስውር ስጡ

ሐይቃችን የጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። መውጫ የሌለው ሐይቅ ጨው ይሆናል፤ ሻላን ያየ ያውቀዋል። የሀዋሳ ግን ጨው አልሆነም፤ የውኃ አጥኚዎች ከመሬት በታች በማይታይ መንገድ እየሰረገ ስለሚወጣ ነው ይላሉ። ጌታ ግራ እጅህ ቀኝህ የምታደርገውን አትወቅ ሲል (ማቴዎስ 6፥3) እኔ የሚታየኝ ይህ ሐይቅ ነው።

ደመወዛችሁ ትንሽ መሆኑን አውቃለሁ። አሥራቱን አውጥታችሁ መስጠት ከከበዳችሁ ከምትችሉት ጀምሩ። የታመመች የክፍል ጓደኛችሁን ልብስ እጠቡ፤ አዲስ ለመጣች ልጅ የመጀመሪያ ሳምንት ምሳዋን ክፈሉ። ፎቶ አታንሡ፣ ለሌላ አትንገሩ። ሥራ ባጣሁበት ጊዜ በቤቴ በር ሥር በፌስታል ጤፍ ዱቄት ያስቀመጠልኝ ሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አንዳንዴ ጎረቤቶቼን ሁሉ እየተጠራጠርኩ ሰላም እላቸዋለሁ።

ስትወድቁ

ትወድቃላችሁ። ሁለት ሳምንት ጥሩ ሄዳችሁ በሦስተኛው ጸሎቱ ይቀራል፤ የተዋችሁት ነገር ይመለሳል። መጽሐፈ ምሳሌ ጻድቅ ሰባት ጊዜ ይወድቃል፣ ይነሣማል ይላል (24፥16)። እንዴት እንደሚነሣ ግን ሰው ይሳሳታል፤ ያለፈውን ሁሉ ልክፈል ብሎ የአምስት ቀን ጸሎት በአንድ ማታ ሊያደርስ ይነሣና እንደገና ይወድቃል። ያለፈውን አትክፈሉ። ቀጣዩ የጸሎት ሰዓት መቼ ነው? ሠርክ ከሆነ ከሠርክ ጀምሩ። የወደቃችሁበትን በወረቀቱ ጻፉና ለንስሐ አባታችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ጽናት መጥቶ እንደሆነ በምን ይታወቃል ትሉኛላችሁ። በጸሎት ላይ እንባ በመምጣቱ አይደለም፤ እንባ ለኔ በቀላሉ ይመጣል። እኔ የምለካው በሌላ ነው። መጥፎ ዜና ስሰማ መጀመሪያ ወዴት ነው የምሮጠው? ከተቆጣሁ በኋላ ይቅርታ ለመጠየቅ ስንት ቀን ይፈጅብኛል? ድሮ ሁለት ዓመት ነበር። አሁን አንዳንዴ አንድ ቀን ነው፣ አንዳንዴ ሳምንት።

ዛሬ ማታ ለመጀመር ወረቀት፣ እስክሪብቶና አንድ ስም ይበቃል። የምትደውሉለት ሰው ስልክ ላያነሣ ይችላል፤ ነገ በተመሳሳይ ሰዓት ደግማችሁ ደውሉ፤ ከዚያ መልእክት ላኩ። እህቴ ባለፈው ፋሲካ ዶሮ ይዛ መጣች፤ የእናታችንን ድስትም ይዛ ነበር። ወጡን በእርሱ ሠራነው፤ ከዳር በኩል ትንሽ ያንጠባጥባል፣ ድሮም ያንጠባጥብ ነበር።